ፈይሩዝና አልማዝ ያለበትን አሮጌ ጌጥ እንዴት እናጽዳ? ላርጎ ውስጥ ከመዘፍዘፋችሁ በፊት

ጥያቄው ሁሌ ያው ነው። «ከጅዳ የመጣች ቀለበት አለችኝ፤ መሀሏ ሰማያዊ፣ ዙሪያዋ አልማዝ። ደብዝዛብኛለች። ላርጎ ውስጥ ልዘፍዝፋት?» ከደሴም ይመጣል፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልዲያም። እኛ ጋ ዐረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ጌጥ ከሳጥን ሥር አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ አትዘፍዝፏት።

ምክንያቱ ሁለቱ ድንጋዮች ጠባያቸው ለየቅል መሆኑ ነው። አልማዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 10 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ውሃ አይጠጣም፣ ሳሙና አይጎዳውም፣ ቅባት ግን ይወዳል፣ ትንሽ ቅባት ከነካው ይዞት ይቀራልና ብልጭታው ይጠፋል። ፈይሩዝ (ቱርኩዋዝ የሚሉትም አሉ) ከ5 እስከ 6 ብቻ ነው። መዳብና አሉሚኒየም ያለበት ፎስፌት የሚባል የማዕድን ዓይነት ነው፤ ውስጡ ውሃ አለው፤ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ቅባቱን፣ ሽቶውን፣ ላቡን ሁሉ ይመጠዋል። የደላንታን ኦፓል የምታውቁ ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል፤ ኦፓሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጥርት ብሎ ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፈይሩዝ ግን የጠጣውን ቅባት መልሶ አይተፋም። ሰማያዊው እየቆየ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ሥራው በሙሉ አንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ አልማዙን በእርጥብ፣ ፈይሩዙን በደረቅ፣ ለየብቻ።

ምን ምን ያስፈልጋል

- አዲስ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ፣ ለስላሳው
- ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው የጆሮ ማጽጃ፣ ወደ አስር ፍሬ
- የእንጨት ስቲኪኒ (የፕላስቲኩና የብረቱ አይሆንም)
- ሁለት የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ
- አንድ ሲኒ ለብ ያለ ውሃ፣ አንዲት ጠብታ ላርጎ የተጨመረበት
- አንድ ሲኒ ንጹህ ውሃ፣ ምንም ያልተጨመረበት
- 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፤ ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ አቅርቦ ማንሳቱ ይበቃል
- ነጭ ፎጣ

ላርጎው አንድ ጠብታ ያልኩት አንድ ጠብታ ነው። ብዙ ሳሙና ብዙ አያጸዳም፤ ከድንጋዩ ሥር ደርቆ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ቦታውን አዘጋጁ

ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ ነጩን ፎጣ አንጥፉ። ላቫንዲኖ ላይ አትሥሩ። ትንሿ አልማዝ ብትወልቅ ፎጣው ላይ ትታያለች፤ ቱቦ ውስጥ ከገባች ግን አለቀ። ጌጡን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሱ። ፎቶው በኋላ ወርቅ ሠሪ ጋ ስትሄዱም ይጠቅማችኋል፤ የሰጣችሁትና የተቀበላችሁት ድንጋይ አንድ መሆኑን ታመሳክሩበታላችሁ።

ደረጃ 2፦ የላላ ነገር መኖሩን እዩ

ይህን ደረጃ ሰዎች ይዘሉታል። አትዝለሉት።

ቀለበቱን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉት። ኳ ኳ ወይም ሸክ ሸክ የሚል ድምፅ ካለ የላላ ድንጋይ አለ። ቀጥሎ ከጥጡ ትንሽ በተን አድርጋችሁ ድንጋዩን ጨብጠው በያዙት ጥቃቅን የወርቅ ጥፍሮች ላይ አሳልፉት። ጥጡ ተይዞ ክር ከቀረ ያ ጥፍር ተነሥቷል ማለት ነው። ፈይሩዙንም ጫፉን በስቲኪኒ ቀስ ብላችሁ ንኩት፤ አሮጌ ጌጥ ላይ ብዙ ጊዜ በሙጫ የተያዘ ነው፣ ሙጫው ደግሞ ሲያረጅ ይደርቃል።

ከሦስቱ በአንዱ እንኳ የላላ ነገር ካገኛችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። ቆሻሻው ራሱ ድንጋዩን ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ስታጸዱት ይወልቃል። መጀመሪያ ጥፍሩ ይታሰር፣ ከዚያ ጽዳቱ።

ደረጃ 3፦ ጀርባውን ገልብጡ

አሁን ከአልማዞቹ ጀርባ ያለውን እዩ። ወርቁ ክፍት ሆኖ የድንጋዩ ሥር የሚታይ ከሆነ አብሽሩ፣ ወደ ሚቀጥለው እለፉ። ወርቁ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ከዘጋው ግን ተጠንቀቁ። በጣም አሮጌ በሆኑ ጌጦች ላይ ከድንጋዩ ሥር ብርሃን የሚመልስ ስስ ብረት ይነጠፍ ነበር። ውሃ በስንጥቅ ከገባ ያ ብረት ይጠቁራል፣ አልማዙም ከላይ ሲታይ የሞተ ይመስላል፤ ሳይፈታ የሚመለስ ነገር አይደለም። ጀርባው ዝግ ከሆነ ደረጃ 6ንና 7ን ሙሉ በሙሉ ተዉ፣ አልማዙን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።

እግረ መንገዳችሁን ቁጥሩን ፈልጉ። 750 ማለት 18 ካራት ወርቅ፣ 875 ማለት 21 ካራት፣ 585 ማለት 14 ካራት ነው። ሐብልና አምባር ላይ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ መቆለፊያው ላይ ነው። ቁጥር ከሌለው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ቀለበት ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ተፍቆ ሊጠፋ ይችላል። የአልማዝ ካራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ክብደት ነው፣ አንዱ ካራት 0.2 ግራም። «18 ካራት አልማዝ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወይ አያውቅም ወይ እናንተ የማታውቁ መስሎታል።

ደረጃ 4፦ ድንጋዮቹን ለዩ

ምን እያጸዳችሁ እንደሆነ ሳታውቁ ውሃ አታስነኩ። የተቀባ ድንጋይ ከሆነ ቀለሙ ይለቃል።

ፈይሩዙን በማጉያ እዩት። ጥቁር ወይም ቡናማ ሥር (እንደ ደም ሥር የተዘረጋ መስመር) ያለው ከሆነ ሥሩን ተከተሉ። እውነተኛው ላይ ሥሩ ወጣ ገባ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከሰማያዊው ዝቅ ብሎ የጣት ጥፍር ሲያልፍበት ይሰማል። ሃውላይትና ማግኔሳይት የሚባሉ ነጭ ድንጋዮች በሰማያዊ ተቀብተው በፈይሩዝ ስም ይሸጣሉ፤ እነሱ ላይ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ተጠራቅሞ ጠቆር ይላል፣ ጫፉ የተፈረከሰ ቦታ ካለ ደግሞ ውስጡ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ከንፈራችሁን አስነኩት፤ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ቶሎ ይሞቃል። ክብ ክብ አረፋ ካያችሁ ብርጭቆ ነው። ሥር የሌለው፣ ወጥ ሰማያዊ የሆነም እውነተኛ ፈይሩዝ አለ፤ የኢራኑ የኒሻፑር ድንጋይ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ ስለዚህ ሥር የለውም ብላችሁ አትጣሉት።

የጋለ መርፌ መውጋት፣ አሴቶን ማስነካት፣ በቢላ መፋቅ፦ እነዚህን ሁሉ ቪዲዮ ላይ ታያላችሁ። ሐሰት መሆኑን ታውቁ ይሆናል፣ እውነተኛ ከሆነ ግን አበላሽታችሁት ነው የምታውቁት።

ወደ አልማዙ። እስትንፋሳችሁን ኡፍ በሉበት። አልማዝ ሙቀትን በጣም ስለሚያስተላልፍ ጉሙ ወዲያው ይጠፋል፤ ብርጭቆና ዚርኮን (ኪዩቢክ ዚርኮኒያ፣ አልማዝ መሳዩ ሰው ሠራሽ ድንጋይ) ላይ ትንሽ ይቆያል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፣ ሞይሳናይትም (ይህም ሌላ አልማዝ መሳይ ድንጋይ ነው) ጉሙን ቶሎ ያጠፋል። ቀጥሎ የገጾቹን ጠርዝ እዩ። አልማዝ ላይ ዓመታት ካለፉም በኋላ ጠርዙ ስል ነው፤ ዚርኮን ላይ ተበልቶ የዶለዶመ ይሆናል። ሞይሳናይትን ዘንበል አድርጋችሁ በውስጡ ስታዩ የጀርባው መስመሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ።

ዘመኑም ይረዳል። ሰው ሠራሹ ዚርኮን ገበያ ላይ የወጣው በ1976፣ ሞይሳናይቱ በ1998 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጌጡ በእርግጥ ከዚያ በፊት የተገዛ ከሆነ እነዚህ ሊኖሩበት የሚችሉት ድንጋዩ በኋላ ከተቀየረ ብቻ ነው። የአልማዟ መሀል ላይ ከላይ ሲታይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ የምትመስል ነገር ካያችሁ አትደንግጡ። የድሮ አልማዝ ቆራጮች የታችኛውን ጫፍ ሹል ሳያደርጉ ጠፍጣፋ ይተዉት ነበር፤ የምታዩት እሱን ነው፣ የዕድሜ ምልክት ነው።

ወርቅ ቤት በብዕር መሳይ መመርመሪያ ቢፈትሹላችሁ፣ ሙቀትን ብቻ የሚለካው ሞይሳናይትን «አልማዝ» ይለዋልና ኤሌክትሪክም የሚለካ እንዳላቸው ጠይቁ። ብርጭቆ መጫርን እርሱት። ብርጭቆን ብዙ ድንጋይ ይጭረዋል።

ደረጃ 5፦ ፈይሩዙን በደረቅ

የመነጽር ጨርቁን ጣታችሁ ላይ ጠቅልሉና በቀስታ እያዞራችሁ ጥረጉት። አትጫኑ። ወርቁና ድንጋዩ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ያለውን አቧራ በደረቁ ብሩሽ አራግፉ። ግትር ቆሻሻ ካለ የጨርቁን ጫፍ በንጹሁ ውሃ አስነኩና ጨምቁት፤ እርጥበቱ በእጅ የሚሰማ ጠብታ ግን የሌለው መሆን አለበት። አንዴ አሳልፉት፣ ወዲያው በደረቁ ጨርቅ አድርቁት። ሳሙና እዚህ አይገባም፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ አልማዙን በእርጥብ

ከባዱ እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው ርቀት የስንዴ ቅንጣት ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል።

ቀለበቱን ዘንበል አድርጋችሁ ያዙ፣ የምታጸዱት አልማዝ ከታች፣ ፈይሩዙ ከላይ ይሁን። ውሃ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ፈይሩዙን አይነካውም። የጆሮ ማጽጃውን ላርጎ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቁና መጀመሪያ ከጀርባ ጀምሩ። ሰዎች ከፊት ብቻ ይፈትጉና «አላበራም» ይላሉ፤ የአልማዝ ብልጭታ የሚመጣው ከላይ የገባው ብርሃን ከታች ገጾች ላይ ነጥሮ ሲመለስ ነው፣ የቅባቱና የሳሙናው ዝቃጭ ደግሞ የሚከማቸው እዚያው ጀርባው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስታዩት ግራጫ፣ አንዳንዴ ቡናማ የሆነ ለጥፍ ያለ ነገር ነው። ጥጡ ካላነሣው በስቲኪኒው ጫፍ ጠርዝ ጠርዙን ፈቅ ፈቅ አድርጉት፣ ሳትወጉ። ጥጡ ሲጠቁር ጣሉና ሌላ ያዙ፤ በአንዱ ብትቀጥሉ ቅባቱን ከአንዱ አልማዝ ወደ ሌላው እየቀባችሁ ነው።

ከዚያ ፊቱን በእርጥብ ጥጥ አንዴ ሁለቴ። ቀለበቱን አዙሩ፣ ቀጣዩን አልማዝ ከታች አድርጉ፣ እንዲህ እያላችሁ ዙሩ። አልማዞቹ ብዙ ከሆኑ ይሰለቻል። አትቸኩሉ፣ ድንገት ውሃ ፈይሩዙን ከነካው ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አንሡት፣ አንዲት ጠብታ ንጹህ ውሃ ድንጋዩን አትገድለውም።

ደረጃ 7፦ ሳሙናውን አውጡ

ቧንቧ ሥር አታድርጉት። አዲስ ጥጥ በንጹሁ ውሃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ አልማዞቹን ከጀርባም ከፊትም ደግማችሁ ጥረጉ። ሳሙና ከቀረ ሲደርቅ ድንጋዩ ላይ ጉም ሠርቶ ይቀመጣል፤ ልፋታችሁ በከንቱ።

ደረጃ 8፦ ማድረቅ

በደረቁ ጨርቅ አንሡና ፎጣው ላይ ጥላ ቦታ አሳድሩት። ፀጉር ማድረቂያ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ የቡና ከሰል አጠገብም የለም። ፈይሩዝ ውስጡ ያለውን ውሃ በሙቀት ሲያጣ ይገረጣል፣ ይሰነጠቃል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ለመድረቅ ትንሽ ቢዘገይ ነው፤ ባቲና ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ መስኮት ላይ ትታችሁት እንዳትወጡ።

ደረጃ 9፦ ማስቀመጥ

ለብቻው፣ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ። አልማዝ ከሌላ ጌጥ ጋር ከተነካካ ወርቁንም ፈይሩዙንም ይጭራል። ሽቶና ቅባት ያለበት ሳጥን ውስጥ አይሁን።

ሲደረግ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይደረግ። መጀመሪያ ሎሽኑ፣ ሽቶው፣ ሁሉም ሲደርቅ ቀለበቱ። ፀጉር ቅቤ ሲቀባ ይውለቅ፤ የቀለጠ ቅቤ ፈይሩዝን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ነው። ሂና ሲቀባ ይውለቅ፣ ቀለሙ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። ጢስ የምትሞቁ ሰዎች ሙቀቱም ላቡም ቅባቱም አንድ ላይ ነውና ከመግባታችሁ በፊት አውልቁት። ሊጥ ስታቦኩ፣ እንጀራ ስትጋግሩ፣ ልብስ ስታጥቡም እንደዚያው።

ብዙ ሰው የሚሠራቸው ስሕተቶች

በረኪና። ፈይሩዙን ያነጣዋል፤ ክሎሪኑ ደግሞ ወርቁ ውስጥ የተቀላቀለውን ብረት ስለሚበላ ጥፍሮቹ ይደክማሉ። ከበዓል በፊት ቤት በበረኪና ስታጥቡ ቀለበት ጣት ላይ ካለ ጉዳቱ ያው ነው።

ሎሚና ኮምጣጤ። አሲድ ናቸው። ለብር ዕቃ ልማድ ስላለን እጃችን ወደዚያ ይሄዳል፤ ፈይሩዝ ግን አሲድ አይችልም።

የጥርስ ሳሙና። ውስጡ ሻካራ ዱቄት አለው። ፈይሩዙን ይፍቀዋል፣ ወርቁንም ያደበዝዘዋል።

ቫዝሊን ወይም ዘይት ቀብቶ «ማደስ»። ይህ የሻጮች ዘዴ ነው። የገረጣ ፈይሩዝ ዘይት ሲጠጣ ለጥቂት ጊዜ ይደምቃል፣ ቆይቶ ቆሽሾ ይበልጥ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ስትገዙ በነጭ ሶፍት ጥረጉት፤ ቅባት ከወጣ ተውት።

በንዝረት የሚያጸዳው ማሽንና እንፋሎት። ወርቅ ቤቶች በደግነት «እናጥብልሽ» ብለው ይከቱታል። አልማዝ ብቻ ቢሆን ምንም አይልም ነበር፤ ፈይሩዝ ላለበት ግን አይሆንም በሉ።

«ወደ አረንጓዴ ተቀይሮብኛል፣ ሐሰት ነው?» ለሚለው፦ አይደለም፤ የሚቀየረው እንዲያውም እውነተኛው ነው። ቤት ውስጥ የሚመልሰው ነገር የለም። እመልሰዋለሁ የሚል ካለ ወይ ቀለም ይቀባዋል ወይ ላዩን ይፍቀዋል።

ደረጃ 10፦ ወርቅ ሠሪ ጋ ስትሄዱ

ቀለበት ማጥበብ፣ ማስፋት፣ የተሰበረ መበየድ ካለ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ ፈይሩዙ መጀመሪያ ይውጣ። ወርቅ ለመበየድ 700 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ፈይሩዝ 250 አካባቢ ላይ ውሃውን እያጣ ቀለሙን መቀየር ይጀምራል። ከብየዳው በኋላ ደግሞ ጌጡ አሲድ ውስጥ ይገባል፣ ቀጥሎ በቀለማም ማለስለሻ ይወለወላል፣ ያም ቀለም ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል። «እርጥብ ጨርቅ እሸፍንበታለሁ» ቢሏችሁ ጨርቁ ከአሲዱና ከማለስለሻው አያድነውም። ጥፍር ብቻ ማጠባበቅ ከሆነ ግን እሳት አያስፈልገውም፣ ድንጋዩ ባለበት ይሠራል። ለሚዘወተር ቀለበት ይህን በዓመት አንዴ ማሳየት በቂ ነው።

ልትሸጡት ከሆነ ደግሞ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ዋጋው በምን እንደሚሰላ ጠይቁ። ብዙ ወርቅ ቤት የሚገዛው በግራም ነው፤ የድንጋዩን ክብደት ቀንሶ ለወርቁ ብቻ ይከፍላል፣ አልማዙም ፈይሩዙም በነጻ ሄደ ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ድንጋዮቹን አውጥታችሁ እናንተ ያዟቸው፣ ወይም አልማዝ ለይቶ ዋጋ የሚሰጥ ሰው እስክታገኙ ጌጡን አትሽጡት። ፎቶውን ያነሣችሁት ለዚህም ነው።